ትርንጎ ገና መንገድ ላይ ናት

ልጅ ሳለሁ አያቴ የሚያውቁት ተረት አንድ ብቻ ነበር። የሌሎች ልጆች አያቶች ስለ ጅብና ስለ ጦጣ፣ ስለ ቀበሮ ብልጠት ሲያወሩ እሰማለሁ፤ የእኔው አያት ግን በየምሽቱ ያችኑ አንዲት ሴት ከቤት ያስወጡና መንገድ ላይ ትተዋት ይተኛሉ። ሴትዮዋ ትርንጎ ትባላለች። የእርሳቸው ሚስት፣ የእናቴ እናት ነበረች፤ በሰባ ሰባቱ ርሃብ ወደ ኮረም እህል ፍለጋ ወጥታ አልተመለሰችም። እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። ስለዚህ አያቴ ናት ብዬ አስቤያት አላውቅም፣ አንቱ ብያትም አላውቅም፤ በተረቱ ውስጥ ሁልጊዜ ወጣት ናት፣ ሁልጊዜም ባዶ ስልቻ በትከሻዋ ጣል አድርጋ ትሄዳለች።

ቤታችን ከሰቆጣ ወደ ዋጉ ዝቋላ በሚወስደው ወገን፣ ከከተማው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ላይ ነበር። ሦስት ነበርን፤ አባዬ የምላቸው አያቴ አቶ ኪሮስ፣ እናቴ አስካለ እና እኔ። አባቴን አላውቀውም፤ እናቴ ትዳሯ ፈርሶ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ታቅፋኝ ነው የመጣችው። ራት እንደበላን ኩራዙ ጋዙ እንዳያልቅ ይጠፋና የሚቀረው ብርሃን የግራር ፍም ብቻ ይሆናል፤ ያኔ የኩራዙ ጥቀርሻ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እንደቀረ፣ ጭሱ ዐይኔን እያስለቀሰኝ፣ መደቡ ላይ ከግልገሎቹ ጋር ተጠጋግቼ፣ የአባዬን ፊት ሳይሆን ፍሙ የሚያቀላቸውን የእጃቸውን ጣቶች እያየሁ ነበር የማዳምጠው።

ትርንጎ በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ ትራመዳለች። አንድ ቀን ፀላሪ ወንዝ ትደርስና ወንዙ «ወዴት ነሽ?» ይላታል፤ «ልጄ ርቧታል» ስትለው ውሃውን ዝቅ ያደርግላታል። ሌላ ቀን ጅብ መንገዱ መሀል ተኝቶ ይጠብቃታል፤ እሱም የልጅን ነገር ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ያሳልፋታል። ኮረም ትደርሳለች፣ ስልቻዋን ትሞላለች፣ ትመለሳለች። መመለሱን ትመለሳለች፣ ግን አትደርስም። አባዬ ይህን ሁሉ የሚተርኩልኝ በኽምጣንጋ ነበር፤ በቤታችን የምንነጋገረው በእሱ ነውና። የመጨረሻዋን ቃል ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ እንደሚመሰክር ሰው በአማርኛ ነበር የሚናገሯት።

«እኔም በሬን ሳልዘጋ ጠበቅኋት። ትርንጎ ገና መንገድ ላይ ናት።»

እናቴ ያች ቃል ልትመጣ ስትል ታውቃለች። ቀድማ ትነሳና እሳቱን ታዳፍነዋለች፣ ቤቱ ይጨልማል። ያኔ እንቅልፏ ስለመጣ ይመስለኝ ነበር።

ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ሕዝብ ቆጣሪ መጣ። ከሌላ አገር የተመደበ ወጣት ነበር፤ ጫማው በአቧራ ነጭ ሆኖ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ወረቀቱን በጣውላ ላይ ቆንጥጦ ይዞ ደጃፋችን ላይ ቁጭ አለ። እናቴ ውሃ ሰጠችው።

«አባት፣ በዚህ ቤት የሚኖረው ሰው ስንት ነው?»

«አራት» አሉ አባዬ።

ልጁ ዞር ዞር ብሎ አየን። «አራተኛው ሰው የት አለ?»

«ባለቤቴ ናት። መንገድ ላይ ናት።»

«ትናንት እዚህ ነው ያደሩት?»

«አላደረችም።»

«መቼ ነው ታዲያ የወጡት?»

«በሰባ ሰባት።»

ቆጣሪው እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አስተኛው። «አባት፣ ይሄ እኮ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ሩቅ ነዋ መንገዱ» አሉ አባዬ።

ልጁ አልሳቀም፣ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ግን ሦስት ብሎ ጻፈ። አባዬ ማንበብ ባይችሉም እጁ ስንት ጊዜ እንደተነሳ አይተዋል። ዱላቸውን አንስተው እስከ ሦስተኛው ቤት ድረስ ከኋላው ተከተሉት፤ «አራት በል! አራት ነን አልኩህ እኮ!» ይላሉ። ሰዉ ከየደጁ ወጥቶ ያያል። እኔ ከጉድጓድ ብገባ በወደድኩ። የሚያሳፍሩ ሽማግሌ መሰሉኝ እንጂ አንድ ሰው ከነነፍሷ ከእጃቸው ስትወሰድባቸው እያዩ መሆኑን ከየት አውቄው!

ያ ነገር ከቄሱም ጋር ያጣላቸው ነበር። የነፍስ አባታችን በየዓመቱ መጥተው ተዝካሯን ያውጡ፣ ነፍሷን አያንከራትቱ ይሏቸዋል። አባዬ አይሰሙም። በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት በቁሙ መቅበር ነው ይላሉ። በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ቀን የክርስትና ስሟን ለመንገደኞች በሚደርሰው ጸሎት ያስጠራሉ፤ ከሙታን ጋር አንድም ቀን አላስጠሩም። ተዝካር ስላልወጣ ለቅሶም አልነበረም። እናቴ ለእናቷ አልቅሳ አታውቅም። ዘመድ ሞቶ ሌላ ቤት ስትሄድ ግን የምታለቅሰው ለቅሶ ሰዉን ሁሉ ያስገርም ነበር።

እኔ አደግሁ፣ ተማርኩ፣ ሰቆጣ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። አባዬን ደረታቸው ይዟቸው ነበር። አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ብሄድ እጄን ይዘው አለቀቁኝም።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ። «እኔ በእግሬ ፈልጌ አጣኋት። አንቺ በወረቀት ፈልጊያት። የተራበ ሰው ሁሉ ያኔ ተጽፏል፣ ሳይጻፍ የበላ የለም። ልሞት ነው፣ ልጄ። ስሟን ለየትኛው ጸሎት ሰጥቼ እንደምሄድ ልወቅ። ከሞተች ላልቅስላት። ካለች ደግሞ...»

ፈልጌ አመጣልዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ያኔ ቃል መግባት ቀላል ነበር።

ከተማው ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ፣ ቆርቆሮው የሚያፈስ መጋዘን አለ። የርሃቡ ጊዜ መዝገቦች በማዳበሪያ ጆንያ ታጭቀው ከአሮጌ ወንበር ጋር እዚያ ተጥለው ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጋሽ በላይ የሚባሉ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ብዙ ዓመት ሰቆጣ ኖረው አሁንም ሙቀቱን የሚራገሙ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር አቧራ ይቅማሉ። አይጥ የበላውን፣ ውሃ ያጣበቀውን ገጽ በምላጭ እየለየን ስም እናነባለን። ከሰሃላ የመጣች አንዲት ትርንጎ አገኘን፤ አምስት ልጅ ይዛለች። ሌላዋ ሽማግሌ ናት። አንዷ ሕፃን ነበረች፣ ከስሟ ጎን መስቀል ተደርጎባታል። ስሙ በታየ ቁጥር ልቤ ይዘላል፣ ከዚያ የባሏን ስም ስናይ ይወድቃል።

«ዛሬም ትርንጎ?» ይሉኛል ጋሽ በላይ በር ላይ ሲያዩኝ። «አትክልት ተራ አደረግሽው እኮ መሥሪያ ቤቱን!»

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። የመጨረሻው ጆንያ ሲያልቅ ወደ ቤት ሄድኩ። አባዬ ተኝተዋል። እናቴ ደጅ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። አጠገቧ ዘጭ ብዬ፣ «የለችም። የትም የለችም» አልኳትና አለቀስኩ። ሠላሳ ጊዜ ያህል ሰፌዱን አነሳች፣ አወረደች። ከዚያ ቀና ሳትል ተናገረች።

«በዚያ ስም አታገኚያትም።»

«በየትኛው ስም?»

«ትርንጎን አማቷ ናት ያወጣችላት። ሙሽራ ሆና እዚህ ቤት ስትገባ። እናት አባቷ ያወጡላት ስም አለሚቱ ነው። አለሚቱ ረዳ።»

በእኛ አገር ሙሽራ በባሏ ቤት አዲስ ስም እንደሚወጣላት የማያውቅ ልጅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ትርንጎ ለእኔ የተረት ሰው ነበረች፣ የተረት ሰው ደግሞ ስሟ አንድ ነው።

«ባል ያላት ሴት በባሏ ቤት ስም ነው የምትጠራው፣ አታውቂም እንዴ?» አልኳት ተናድጄ። «ለምን በአባቷ ቤት ስም ትመዘገባለች?»

«ባል ያላትማ» አለች እናቴ። ሰፌዷን ይዛ ገባች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጆንያዎቹን ከመጀመሪያው ጀመርናቸው። ሦስተኛው ጆንያ ውስጥ ነበረች። ሁለት ጊዜ በእጄ ያለፈ ገጽ ነው፤ ጣቴ ነክቶት ያውቃል። ጋሽ በላይ ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱና ጮክ ብለው አነበቡልኝ። አለሚቱ ረዳ፣ ከዋግ፣ ዕድሜ ሠላሳ፤ ቀድሞ ለሦስት ሰው ቤተሰብ ስንዴ ወስዳለች። ከሥሩ በሌላ ቀለም የተጻፈ ነበር።

«አገሯ ደርሳ ተመለሰች። ባሏ ኪሮስና ልጇ አስካለ ሞተዋል። ብቻዋን ናት። ለሰፈራ ተመዝግባለች።»

ጋሽ በላይ መነጽራቸውን አወለቁ። «ኪሮስ ማናቸው?»

«አያቴ።»

«ዛሬ አሉ?»

«አሉ።»

«አስካለስ?»

«እናቴ ናት» አልኩ። ወረቀቱ እንደሚለው ከሆነ እኔ ከሞተች ሴት የተወለድኩ ነኝ። ባዶው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ በላይ ያን ቀን አልቀለዱም። የሰፈራ መዝገቦቹ መንግሥት ሲለወጥ የት እንደገቡ የሚያውቅ እንደሌለ ነገሩኝ፣ እንደ በደለኛ ዐይናቸውን ሰብረው። ሰፋሪዎቹ ወደተወሰዱበት ወደ ምዕራብ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም።

እናቴ ወረቀት ላይ የገለበጥኩትን ሳነብላት አልደነገጠችም። የፈራሁትም ይህንኑ ነበር።

«አባቴ ቃል ገብተውላት ነበር» አለችኝ። «እስክትመለሺ ከዚህ በር አልነቃነቅም ብለው። ከዚያ እኔ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ልትሞትብኝ ነው ብለው ተሸክመውኝ ወደ ላስታ፣ ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ። በሩን በእሾህ ዘጉት፣ ጅብ እንዳይገባ። ያኔ ሰዉ ያለቀበት ቤት ሁሉ በእሾህ ነበር የሚዘጋው። የእኛም ከነዚያ እኩል ሆነ። ጎረቤት የለ፣ ማንን ትጠይቅ? ሁሉም ወይ ሞቷል ወይ ተሰዷል።»

«ከዚያስ?»

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንመለስ እሾሁ ተነስቷል። ምድጃው ውስጥ አመድ አለ። ድስቱ ውስጥ ንፍሮ ነበር፣ የስንዴ ንፍሮ፣ ደርቆ። አባቴ ሌባ ገብቶ ነው አሉ። ሌባ ስንዴ ይዞ ገብቶ፣ ቀቅሎ፣ ጥሎ ይሄዳል?» ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ላይ ያዘች። «በውሃ አርሰን በላነው። እንዴት ይጣፍጥ ነበር መሰለሽ። እኔን ሊያተርፉ ነው የሄዱት፤ ምን ብዬ ልናገራቸው?»

ንፍሮ የለቅሶ ነው። ብቻዋን፣ የተሸከመችውን ስንዴ ቀቅላ፣ የሚቀምስላት ሰው በሌለበት ለቅሷችንን ተቀምጣ ነበር።

አሁን እላለሁ፣ እዚያው ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሽማግሌው ተረታቸውን ይዘው ይሂዱ ብዬ መተው ነበረብኝ። ግን ቃል ገብቻለሁ፣ ደግሞም ችኩል ነኝ፣ ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ በልጅነቴ በየምሽቱ ስለነገሩኝ ስለዚያ ያልተዘጋ በር ተቀይሜያቸው ነበር። ፀሐይ ላይ በተቀመጡበት ሄጄ አነበብኩላቸው። ንፍሮው ወረቀቱ ላይ የለም፣ እኔም አላነሳሁትም።

ወረቀቱን በጣታቸው ነኩት።

«ስሜ አለበት?»

«አለ፣ አባዬ።»

«ከሞቱት ጋር?»

«አዎ።»

እጃቸውን አዩት፣ አገላብጠው አዩት። «እንግዲያስ ተዝካሬን አውጥታለች» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ድምፃቸው ከየት እንደሚወጣ ሳይታወቅ፣ «የራሴን ለቅሶ ንፍሮ ነው የበላሁት። ያኔም አውቄዋለሁ። ጣዕሙን አፌ እንደገባ አውቄዋለሁ» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ተረቱን ሲያወሩ አልሰማናቸውም። እኛ ከሃያ ዓመት በላይ ስሟን ከሕያዋን ጋር ስናስጠራ እሷ ባለችበት፣ ካለች፣ የእኛን ከሙታን ጋር ስታስጠራ ኖራለች። ይህን ማን ሄዶ ያስቆማታል?

በዚያው ዓመት እንደገና ሕዝብ ቆጠራ መጣ። ኽምጣንጋ ስለማውቅ በገዛ ቀበሌዬ ቆጣሪ ሆኜ ተመደብኩ። ቤታችንን ለመጨረሻ ተውኩት። ጣውላዬን ይዤ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣ ያ ወጣት ቆጣሪ ድሮ የተቀመጠበት የደጃፋችን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር።

«በዚህ ቤት የሚኖረው ሰው ስንት ነው?» አልኳቸው፤ ደንቡ ነውና።

«ሁለት።»

«እነማን ናቸው?»

«አስካለና እናቷ።»

«አባዬ፣ እርስዎስ?»

«እኔን ተይኝ» አሉ። «ባለቤቴ ከሞቱት አስጽፋኛለች። በሴትዮዋ ቃል ላይ ሌላ ቃል አትጨምሪባት።»

እናቴ ከቤት ውስጥ ሰምታ ወጣች። እኔ አጎንብሼ የሰማሁትን እንዳለ ጻፍኩ፤ አስካለ፣ ትርንጎ። የትርንጎን ስም ጥቂት አየሁት። ከዚያ ላጲሴን አወጣሁና አጠፋኋት፣ በቦታዋ ኪሮስ ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለት አልኩ። ልክ ነበርኩ፤ ደንቡ ቤት ያደረውን ቁጠሩ ነው የሚለው። አባዬ እንደ ድሮው እጄን ይከታተሉ ነበር። ዱላቸውን አላነሱም፣ አራት በዪም አላሉኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ክረምቱን አልጨረሱትም። ተዝካራቸውን ስናወጣ ቄሱ እናቴን ጠየቋት፤ የባለቤታቸውንም ስም አብረን እንጥራ ወይ? እናቴ ወደ እኔ ዞረች። መዝገቡን ያገኘሁት እኔ ነኝና እኔ የማውቅ መስሏት። አላወቅሁም። ዛሬም አላውቅም። ስሟ ለሕያዋንም ለሙታንም ሳይሰጥ እዚህ እኔው ዘንድ ቀርቷል፣ ከሚያውቀውም ሰው እኔና እናቴ ብቻ ነን የቀረነው።

አሁን ልጅ አለችኝ። የምንኖርበት የከተማ ቤት መብራት ሲጠፋ ሻማ እናበራለን፤ ያኔ ተረት ንገሪኝ ትለኛለች። እኔም የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ትርንጎን ከቤት አስወጣታለሁ፣ ወንዙን አሻግራታለሁ፣ በጅቡ ፊት አሳልፋታለሁ፣ ስልቻዋን ሞልቼ መልሳታለሁ። የአባዬን መዝጊያ ልናገር አፌን ስከፍት ግን ቃሉ እምቢ ይለኛል፣ ሻማውን እፍ ልለው እጠጋለሁ፤ እናቴ እሳቱን ታዳፍንበት የነበረው እጅ እኔ ላይ መጣ።

ልጄ ግን እንደ እኔ ዝም ብላ የምትተኛ አይደለችም። «ደረሰች ወይስ አልደረሰችም?» ብላ ክንዴን ያዘች ባለፈው።

«ደርሳለች» አልኳት። «ቤቷ ደርሳ ነበር። እኛ ነን ያልነበርነው።»